የውሃልክ የመጨረሻ ገጽ

ሽማግሌው መሐንዲስ ከምሳ ሰዓት በኋላ በጓሮው የብረት ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ። ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ባልዲዋን ይዛ የጓሮውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነበር፤ አንዱ በእግራቸው፣ አንዱ ከፍ ብሎ ሦስተኛው ደረጃ ላይ። እሪ አላለችም። ባልዲውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈትታ ፊታቸውን ሸፈነች፣ ከዚያ ሰው ልትጠራ ሄደች።

መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ሕንፃዎችን እየመረመረ «ይግቡበት» ወይም «አይግቡበት» ብሎ የሚጽፍ ትንሽ ቢሮ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍሎቹ በስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት የተከፋፈሉ። በዚህ ግድግዳ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ስለዚህ ምስጢር ያለው ሰው ወደ ጓሮው ደረጃ አናት ይወጣል። የደረጃው መደገፊያ ግን ከወገብ በታች ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሰው አንድ ጊዜ ካየው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበው ዓይነት። ስንት ዓመት «ይጠገናል» ሲባል ኖረ።

ሟቹን ሁሉም «ጋሼ ውሃልክ» ይሏቸው ነበር። ግንበኛ የግድግዳ ቀጥነት የሚለካበትን ውሃልክ ከኮት ኪሳቸው አይለዩም፤ ምግብ ቤት ገብተው እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሳያስቀምጡት አይቀመጡም፣ ከተንጋደደም ሌላ ጠረጴዛ ይለምናሉ። ሰውዬው ራሳቸውም እንደ ዕቃው ነበሩ። ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ያየ የለም።

የመጣችው መርማሪ ጡረታ የቀረባት ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ብለው ሰይመዋታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» እያሉ ነው። እኛም በአክብሮት እንቀጥል፤ ወንፊት ደረጃው ሥር ተንበርክከው ብዙ ቆዩ።

«ተንሸራተው ነው መሰለኝ» አለ አብሯቸው የመጣው ፖሊስ። «ሐኪሙ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው ይላል። ወዲያው አልሞቱም፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተዋል።»

«ጉልበታቸውን አየኸው?»

«ታስሯል።»

«ጉልበቱ የታሰረ ሽማግሌ፣ ፊት ለፊት አሳንሰር እያለለት፣ በዚህ ደረጃ ምን ሊሠራ ይወርዳል?»

ወንፊት የሟቹን ቀኝ እጅ በቀስታ ከፈቱት። ጣቶቹ መሐል አንዲት የወረቀት ጥግ ተጨማድዳ ነበረች። ጥጓ ላይ በትንሹ የታተመ ቁጥር አለ፤ 42።

«ሲወድቅ ወረቀት የሚይዝ አለ» አሉ። «ጥጉን ብቻ ይዞ የሚወድቅ ግን የለም። ቀሪውን የወሰደ ሰው አለ።»

*

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ስልክ ይዞ እየተንጎራደደ ነበር። ወንፊትን ሲያይ ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው።

«እባክዎ፣ እስከ አሥር ሰዓት አንድ ደብዳቤ ማውጣት አለብኝ» አለ።

«ሰው ሞቶብዎት ጓሮ ተኝቶ ደብዳቤ ያስቸኩልዎታል?»

«እኔን አይደለም የሚያስቸኩለኝ! ሁለት መቶ አርባ ሕፃናት ነገ ጠዋት አዲስ የትምህርት ቤት ሕንፃ ይገባሉ። ወላጅ ሁሉ ተነግሮታል። ርዕሰ መምህርቷ ከጠዋት ጀምራ ጆሮዬን በላችው። ሕንፃውን የመረመሩት ጋሼ ናቸው፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሊፈርሙ ነበር።»

ወንፊት ወንበር ሳቡ።

«ሪፖርታቸው ምን ይላል?»

«ሕንፃው ብቁ ነው፣ ይግቡበት። ይኸው፣ አሁን ፕሪንት አደረግሁት።»

«አሁን? መሞታቸውን ከሰሙ በኋላ?»

የሥራ አስኪያጁ ጆሮ ቀላ። «ከሰማሁ በኋላ። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ደብዳቤው ነው። ለቀብራቸው የማልቀስበት ጊዜ አላጣም።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ስልክ ላይ፤ ከዚያችው ርዕሰ መምህርት ጋር። ይጠይቋት።»

ወንፊት ሪፖርቱን ገለጡ። አሥራ አንድ ገጽ ነው። በየገጹ ግርጌ ትንሽ ቁጥር አለ፤ 52።

«ይህ ቁጥር ምንድነው?»

«ማክሮ ያውቃል። እኔ የማውቀው ፋይላችን ሴቭ ሲደረግ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አምስት አምስት ቅጂ አለ፣ ይኸው ነው። ለእኔ ጥቁር ሳጥን ነው።»

«ማክሮ ሰው ነው?»

«የኮምፒውተር ሠራተኛችን ነው። ሌት ተቀን ስለ ማክሮ ስለሚያወራ ስሙ ጠፋበት።»

*

ጸሐፊዋ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ቢሆንም ደብተሯን ከፍታ ጠበቀቻቸው። እዚህ ቤት ወረቀት ሳይመዘገብ አይታተምም።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። አሥራ ሁለት ገጽ። ቁጥር አርባ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት? እርግጠኛ ነሽ?»

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት ወረቀት ቆጥሬ አንድ ጊዜ ብሳሳት ጋሼ ያኔውኑ ያባርሩኝ ነበር።»

«የመጨረሻው ገጽ ምን ይል ነበር?»

ጸሐፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «አላነብም። ማንም አያነብም። ውሳኔው ያለበትን ገጽ ራሳቸው በአንድ ጣት ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይጽፉታል፤ ሲታተም በፊቱ ደፍቼ ነው የምሰጣቸው። ‹ፊርማ ያላረፈበት ፍርድ ወሬ ነው› ይላሉ። ይህን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«ፊታቸውስ? ፊታቸው ምን ይል ነበር?»

ይህ ጥያቄ አስለቀሳት። «ደስ አላላቸውም። ‹እስኪ ምሳሽን ብይ› አሉኝ፤ እሳቸው ግን አልወጡም። እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ አብረን ወጥተን ሰባት ተኩል ተመለስን።»

«ፋይሉን ማን ሊከፍተው ይችላል?»

«ሁላችንም። በጋራ ፎልደር ውስጥ ነው፤ እኔ እተይባለሁ፣ ምክትሉ ልኬቱን ያስገባል፣ ጋሼ ይጨርሳሉ። ሁሉም ከየራሱ ኮምፒውተር ይከፍተዋል።»

*

ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ከቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ማክሮ የተባለው ጎልማሳ ሹራብ ደርቦ፣ ብስኩት ጉልበቱ ላይ ፈርፍሮ ተቀምጧል። ወንፊትን ሲያይ ተነሣ፤ ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ምሳህ ይህ ነው?» አሉት።

«ዛሬ ሰርቨሩን ትቼ መውጣት አልቻልኩም።»

«አንድ ቀን ይህ ብርድ ሳንባህ ውስጥ ይገባል። ተቀመጥ። ይህን ማክሮ የምትለውን ነገር እንደ እናትህ አድርገህ አስረዳኝ።»

ፊቱ በራ፤ ስለዚህ ነገር የጠየቀው ሰው ብዙም የለም። «ማክሮ ማለት ለኮምፒውተሩ አስቀድሞ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፣ እትዬ። አምና ጋሼ የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፋባቸውና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ደግሞ የሽማግሌ እንባ አልችልም። እናም በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ማክሮ ጫንኩ፤ አንድ ሰው ፋይሉን ሴቭ ባደረገ ቁጥር፣ ሳይታዘዝ አንድ ቅጂ በኔትወርኩ በኩል ወደዚህ ሰርቨር ይልካል። ቅጂው ቁጥር ይወጣለታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ያው ቁጥር ገጹ ግርጌ ይታተማል።»

«አሁን የቆምንበት ቁጥር ሃምሳ ሁለት ነው።»

«አዎ። ግን ሁሉም ቅጂ አይቆይም፤ ቦታ ይሞላል። ማክሮው አዲሱን ሲያስገባ የቆየውን ያጠፋል። ድሮ አሥር ያስቀር ነበር። ረቡዕ ሰርቨሩ ትንፋሽ ሲያጥረው ቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ዞሬ ወደ አምስት አወረድኩት። ጮክ ብዬ ነው የነገርኳቸው! ጋሼ ‹ከአሥር ጣት አምስቱን ቆረጥክብን› ብለው ቀለዱብኝ…»

«አሳየኝ።»

ማክሮ ከፈተው። የድልድዩ ሪፖርት፣ አምስት ቅጂ። የገበያው አዳራሽ፣ አምስት። የመጋዘኑ፣ አምስት። የትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይህ ደግሞ ምንድነው?» አለ ለራሱ።

ከ43 እስከ 52። አሥር ቅጂ። የመጀመሪያው የተቀመጠው ሰባት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ፣ የመጨረሻው ሰባት ከአሥራ አንድ ላይ። አሥሩንም ከፈቱ፤ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም አሥራ አንድ ገጽ፣ ሁሉም «ብቁ ነው» ይላሉ። አርባ ሁለተኛው የለም።

«ከማን ኮምፒውተር እንደመጣ ይናገራል?»

«አይናገርም። እሱን አላሰብኩበትም…» ማክሮ ላቡ ሹራቡን ሰንጥቆ ሊወጣ ደረሰ። «እትዬ፣ ማክሮዬ ተበላሽቶ ይሆናል። አምስት ነበር ማስቀረት የነበረበት። ሰው ሁሉ ‹ሰርቨሩ በእጁ ነው፣ እሱ ነው ያጠፋው› ሊለኝ ነው፣ አይደል?»

«ሊልህ ይችላል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ገና አልነፋሁም» አሉ ወንፊት። «ብስኩትህን ጨርስ።»

*

ምክትል መሐንዲሱ ከሁሉም በላይ አዝኗል። መሐረቡ ረጥቧል፤ ቦት ጫማው ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ አለ፤ የላፕቶፕ ቦርሳው ከትከሻው አልወረደም።

«አባቴ ነበሩ» አለ። «ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። አንተ መቼ መጣህ?»

«ከሰባት ተኩል በኋላ ነው የደረስኩት፤ ግርግሩ መሐል። ከማክሰኞ ጀምሮ መስክ ላይ ነበርኩ፤ ቢሮ እግሬን አላስገባሁም።»

«ላፕቶፑስ?»

«ከእኔ ጋር። ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልከፈትኩትም፤ ባትሪው አልቋል።»

«የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ታውቀዋለህ?»

«ልኬቱን እኔ ነኝ ያስገባሁት። የመጨረሻውን ጋሼ ጻፉ። ብቁ ነው ብለዋል አሉ፤ ደስ ይላል። ጥርጣሬ ካለዎት ማክሮ አሥር ቅጂ ያስቀምጣል፤ አሥሩንም ማየት ነው።»

ወንፊት የሪፖርቱን አባሪ ገለጡ፤ ያለፈው ክረምት የመሠረት ማረጋገጫ ነው፤ መሠረቱ ጠንካራው መሬት ድረስ መቆፈሩን ይመሰክራል። ሥሩ ላይ የምክትሉ ፊርማ አለ።

«ጉድጓዱን አይተኸዋል?»

«ፊርማዬ አለ እኮ።»

«ፊርማህን አየሁት። የጠየቅሁህ ዓይንህን ነው።»

«አይቻለሁ» አለ። ለመመለስ ግን አንድ ትንፋሽ ዘገየ። ወንፊት ዘገየ ብለው አልመዘገቡም፤ ሰው ኀዘን ላይ ሲሆንም ይዘገያል። መጠርጠር ቀላል ነው፤ ከባዱ የተጠረጠረውን ሰው አለመበደል ነው።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰቧቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። ጸሐፊዋ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ማክሮ በር አጠገብ ቆሟል፤ ሊያስወጡት ሳይሆን ሊወስዱት እንደሚመጡ እርግጠኛ ሆኖ። ምክትሉ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፖሊሱ ከኋላ።

«አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ገዳዩን በኋላ መፈለግ አይቻልም?»

«አይቻልም» አሉ ወንፊት። «ልጆቹ ይግቡ አይግቡ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞተዋል፤ ሌላው እዚህ ተቀምጧል።»

እያንዳንዱ ጎረቤቱን በዓይኑ ጠርዝ አየ።

«ከቀላሉ እንጀምር። ጋሼ ስድስት ከሩብ ላይ አሥራ ሁለት ገጽ ተቀበሉ፤ ቁጥሩ አርባ ሁለት። አሁን ሪፖርቱ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት። አንድ ገጽ ጠፍቷል። የአርባ ሁለቱ ጥግ ደግሞ በሟቹ እጅ ተገኘ። እንግዲህ የሞቱት ስለ ገጹ ነው።»

«ጋሼ ራሳቸው አሳጥረውት ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ በቀስታ።

«መልካም ጥያቄ ነው። ለውጡ የተደረገው ሰባት ከስምንት ላይ ነው። ያን ሰዓት ጋሼ ደረጃው ሥር ናቸው። ደግሞ አንድን ፋይል አሥር ጊዜ፣ በሦስት ደቂቃ፣ አንድ ፊደል ሳይለውጥ ሴቭ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጣቱ የተንቀጠቀጠ» አለች ጸሐፊዋ።

«ወይም የሚቆጥር። ማክሮ፣ ስንት ጊዜ ሴቭ ቢደረግ ነው የቆዩት ቅጂዎች በሙሉ የሚጠፉት?»

«አምስት» አለ ማክሮ። «አምስት አዲስ ሲገባ አምስቱ አሮጌ ይወጣል።»

«እና ይህ ሰው አሥር አደረገ።»

«ስላላወቀ ነዋ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ከዚያ ያለውን ሰምቶ ደነገጠ። «ማለቴ… አምስት መሆኑን ሁላችንም ረቡዕ ሰምተናል።»

«ሁላችሁም አይደላችሁም» አሉ ወንፊት። «ዛሬ ለእኔ ‹አሥር› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ምክትሉ ዞሩ። እሱ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ቀረ።

«መስክ ነበርኩ፣ አልሰማሁም። አለመስማት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። በዚህ ብቻ ቢሆን እኔም አልናገርህም ነበር፤ የፈራ ሰው አምስት እያወቀም አሥር ሊነካ ይችላል። ግን ማክሮን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። አንተ ልጅ፣ በጋሼ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋይል አሥር ጊዜ ሴቭ ባደርግ ሰርቨሩ ላይ ስንት አገኛለሁ?»

«አምስት። ሃያ ጊዜ ቢያደርጉም አምስት።»

«በጸሐፊዋ?»

«አምስት።»

«በሥራ አስኪያጁ? በአንተ?»

«አምስት፣ እትዬ። ረቡዕ ሁሉንም…» ማክሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «ማክሮዬ አልተበላሸም! ረቡዕ ያልነካሁት አንድ ላፕቶፕ አለ!»

«አሥር ቅጂ የሚያስቀር ማክሮ በዚህ ቤት አንድ ላይ ብቻ ነው የቀረው» አሉ ወንፊት። «ረቡዕ እዚህ ያልነበረው ላይ። ‹ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልከፈትኩትም› የተባለው ላይ። እስኪ ቦርሳውን።»

ምክትሉ ቦርሳውን አጥብቆ ያዘ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ወሰደበት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት። ላፕቶፑ ያለ ምንም ገመድ በራ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነው።

ማክሮ ተቀምጦ ጥቂት ነካካ፤ ስክሪኑን ወደ ሰዉ አዞረ። በማክሮው ትእዛዝ መሐል አንድ ቁጥር ላይ ጣቱን አስቀመጠ። አሥር።

«ያለፈው ክረምት ዝናብ ነበር» አሉ ወንፊት ለምክትሉ፤ ድምፃቸው አልጨመረም። «መንገዱ ጭቃ ነው። የመሠረቱን ጉድጓድ ሳታይ ከጠረጴዛህ ፈረምክ። ዘንድሮ ጋሼ ሄደው ግድግዳውን ሲያዩ ነገሩ ወጣ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይም ጻፉት። ዛሬ በጓሮ በኩል መጣህ፣ ደረጃው አናት ላይ ጠራሃቸው…»

«መላ ምት ነው!» ምክትሉ ብድግ አለ። «ሕንፃው ደህና ነው! የገዛ ልጄ እኮ እዚያ ትማራለች፣ ሁለተኛ ክፍል! መጥፎ መሆኑን ባውቅ ልጄን አስገባለሁ? እስኪ ልጅ ያላችሁ ፍረዱ!»

ጸሐፊዋ ሳታውቀው ራሷን ነቀነቀች። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። እውነትም ከባድ ክርክር ነው፤ የወላጅ ልብ የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ላይ ይሸነፋል።

ወንፊት የሥራ አስኪያጁን ስልክ አንሥተው ለርዕሰ መምህርቷ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«በመጨረሻ ደወላችሁ!» አለች ሴትዮዋ ከዚያ ማዶ። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታና የወንበር መጎተት ይሰማል። «ደብዳቤው ወጣ? እኛማ ነገ እንዳንጨናነቅ ብለን ሁለተኛ ክፍሎችን አሁኑኑ አስገባናቸው። የየራሳቸውን ወንበር ይዘው ታችኛው ክፍል እየተደረደሩ ነው፤ ብታዩዋቸው፣ እንደ ጉንዳን!»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ።

«ዛሬ?» አለ። «ነገ ነበር እኮ። ነገ ልጄን ‹አሞኛል› ላስብላት ነበር…» ከዚያ ጮኸ፤ ከሰው የማይወጣ ጩኸት። «አስወጧቸው! ከታችኛው ግድግዳ አርቋቸው! ስንጥቁ ጣት ያስገባል! ጋሼ አይግቡበት ነው ያሉት፣ ማንም ልጅ አይግባበት ነው የጻፉት!»

ወንፊት ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እሙዬ፣ መርማሪ ነኝ። ያለውን ሰምተሻል። አትጩሂ፣ ከጮህሽ ይሯሯጣሉ፣ ይጋፋሉ። ‹ወንበራችሁን እዚያው ተዉና ኑ፣ ሜዳ ላይ የማሳያችሁ ነገር አለ› በያቸው። ከግድግዳው ራቅ ካሉት ጀምሪ፤ በሰልፍ፣ ሁለት ሁለት እያደረግሽ። ስልኩን አትዝጊ። ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ ስምንት» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፏ አሁን እንደ ክር ቀጥኗል።

«ሲወጡ ቁጠሪልኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ከስልኩ የርዕሰ መምህርቷ ድምፅ መጣ፤ የለበጣ ደስታ ተሞልቶ፤ «የኔ አንበሶች፣ ወንበሩን ተዉት! አይ፣ አትሩጥ አንተ! እጅ ለእጅ…» ከዚያ ቆጠራው ጀመረ። ሁለት። አራት። ስድስት። ወንፊት እየተከተሉ ይደግሙታል። ጸሐፊዋ በከንፈሯ፣ ማክሮ በጣቱ ይቆጥራል።

ምክትሉ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

«አልገፋኋቸውም። እምላለሁ አልገፋኋቸውም። ወረቀቱን ብቻ ነው የሳብኩት። ‹ፈርሜ ነው የምነግርህ› አሉኝ፣ ያዙት፣ ሳብኩት፣ ጉልበታቸው ከዳቸው…»

«አሥራ ስምንት» አሉ ወንፊት። «ወድቀው ሲያቃስቱ ሰምተሃል?»

ምክትሉ ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነ።

«ሃያ ሁለት። ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል። አንተ ወርደህ እጃቸውን ልትይዝ ትችል ነበር። ገብተህ ገጹን አጠፋህ፣ አሥራ አንደኛው መጨረሻ ላይ ‹ብቁ ነው› ብለህ ጨመርክ፣ አሥር ጊዜ ሴቭ አደረግህ። ሃያ ስድስት። ሦስት ደቂቃ ነው።»

ሠላሳ ላይ ቆጠራው ቆመ። ከስልኩ እግር ሲሮጥ ተሰማ፣ አንድ በር ተንጓጓ፣ «ማን ቀረ? ማን ነው የተመለሰው?» የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ጨብጦ ቆመ። ስለ አሥር ሰዓቱ ደብዳቤ ያሰበ ማንም አልነበረም። ምክትሉ ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ነክሷል።

ረጅም ነበር። ሰዓት የለካ ቢኖር ምናልባት ሃያ ሴኮንድ ይላል፤ ውሸቱን ነው።

«ሠላሳ ሁለት» አለች ርዕሰ መምህርቷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ቦርሳቸውን ሊያመጡ ነው የተመለሱት። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ስድስት… ሠላሳ ስምንት። ሜዳ ላይ ናቸው። ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው።»

«ሕንፃውን ቆልፊው። ቁልፉን ለማንም አትስጪ፤ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሰውም ቢሆን።» ወንፊት ስልኩን አስቀመጡ።

ጸሐፊዋ ፊቷን ደብተሯ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች። ማክሮ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ለማን እንደሚሰጥ ጠፍቶት መሐል ወለል ላይ ቆሟል። ፖሊሱ ምክትሉን በብብቱ ይዞ አነሣው።

ምክትሉ በሩ ጋ ሲደርስ እግሩን ተከለ፤ ፊቱን ወደ ወንፊት መለሰ።

«እትዬ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆኖ። «ልጄስ? ልጄ ወጥታለች?»

ወንፊት ቀና ብለው አዩት።

«እኔ ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው የቆጠርኩት» አሉት። «ያንተ የቷ እንደሆነች አልጠየቅሁም።»